ስም የተዋሰው ሥር

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው መንገዳችን ረጅም ነው፤ ከዳኑብ ገባር ወንዞች ዳር ይነሳና በብራስልስ ካፊያ ውስጥ አልፎ፣ ወደ ቻይና የሥር ገበያ ዞር ብሎ፣ መጨረሻ ላይ እኛም ደጃፍ ይደርሳል። ዘመኑን የምቆጥርላችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ የሆነው በነሱ አገር ነውና። የምተርክላችሁ ስለ አንድ አረም ነው፤ ደጋግሞ ስለታየ፣ ያዩትም ሰዎች ስለተናገሩበት፣ ነገር ግን አንዱ ያየውን ሌላው ሳይሰማ ብዙ ሰው ስለጎዳ አረም።

ከሰርቢያና ከክሮኤሺያ፣ ከቦስኒያ፣ ከቡልጋሪያና ከሩማንያ ወደ ዳኑብ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች አሉ፤ ሳቫ አለ፣ ሞራቫ አለ፣ ኮሉባራ አለ። በዳርቻቸው ያለው መሬት ዝቅ ያለና እርጥብ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ውኃ ይተኛበታል፣ በበጋው ስንዴ ይወዛወዝበታል፣ በመከር ማብቂያም ጭጋግ ይወርድበትና ከቤት ወደ ቤት መተያየት ይቸግራል። የዚያ አገር ገበሬ ድሮ የራሱን ስንዴ አጭዶና ወቅቶ፣ በሰፈሩ ወፍጮ አስፈጭቶ፣ በቤቱ ምድጃ የተጋገረ ዳቦ ነበር የሚበላው፤ ዳቦውም የማዕዱ ዋና ነበር፣ ጠዋትም እሱ፣ ማታም እሱ።

ከዚያም በ1950ዎቹ የቡልጋሪያና የሰርቢያ ሐኪሞች አንድ ነገር ልብ ማለት ጀመሩ። በነዚያ መንደሮች ሰው ገና የሥራ አቅም ሳለው ቀስ እያለ ይደክማል፣ ደሙ ያንሳል፣ መዳፉ የመዳብ ቀለም ይይዛል። እግሩ አላበጠም፣ የደም ግፊቱም አልጨመረም፤ ስለዚህ ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው እያለ ይቆይና ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ተኮማትረው ይገኛሉ። ከዚያም በብዙዎቹ ላይ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ካንሰር ይወጣል፤ ይህ ደግሞ በሌላው ዓለም ብዙ የማይታይ ካንሰር ነው።

ሐኪሞቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው የበሽታው አካሄድ ነበር። አንዱን መንደር ይመታል፣ ማዶ ያለውን ይዘላል፤ በመንደሩም ውስጥ አንዱን ቤት ይመታና ጎረቤቱን ያልፋል። የዘር በሽታ ነው እንዳይሉ፣ በደም የማይዛመዱ ባልና ሚስት አብረው ይታመማሉ፤ ከሩቅ መጥቶ በመንደሩ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የኖረ ባዕድም እንደ ተወላጁ ይታመማል። እንግዲህ ከመንደሩ የሚገኝ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ምንድን ነው? አንዱ እርሳስ ነው አለ፣ አንዱ ቫይረስ ነው አለ፣ አንዱ በእህል ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ በከሰል ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣው የጉድጓድ ውኃ ነው አለ። ውኃውም አፈሩም ተመረመረ፣ ዓመታትም አለፉ፣ መልስ ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ እርሻው ግቡልኝ። በዚያ አገር ስንዴ ማሳ ውስጥ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ አበባው ቀጭን ገርጣ ያለ ቢጫ ቧንቧ የሆነ አንድ አረም ይበቅላል። ሳይንቲስቶች አሪስቶሎኪያ ክሌማቲቲስ ይሉታል። ለባልካን ሰው እንግዳ ተክል አልነበረም፤ የዚሁ ዘመድ የሆኑ ዕፅዋት ከጥንት ግሪክና ሮም ጀምሮ ለወላድ ሴትና ለእባብ ንክሻ መድኃኒት ተብለው ሲሰጡ ኖረዋል። በ1957 የዩጎዝላቪያ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን አረም የበሉ ፈረሶች ኩላሊታቸው እንደሚጎዳ ጽፈው ነበር። ጽሑፉ ግን የእንስሳት ሐኪም መጽሔት ላይ ወጣ፤ የሰው ሐኪም ደግሞ የፈረስ ሐኪም መጽሔት አያነብም።

ከዚያም ኢቪች የሚባል ዩጎዝላቪያዊ ተመራማሪ መጣ። ወደ ማሳው ወርዶ አየ፤ የአረሙ ፍሬ ከስንዴው ጋር እኩል እንደሚደርስ፣ አብሮ እንደሚታጨድ፣ አብሮም ወፍጮ እንደሚገባ አስተዋለ። እኛ አገር እንክርዳድ የገባበት እንጀራ ሰው እንደሚያዞር እናቶቻችን ያውቃሉ፤ እህሉን በሰፌድ አበጥረው፣ በጣታቸው ለቅመው የሚያወጡትም ለዚህ ነው። የዚያ አረም ዱቄት ግን አያዞርም፣ ሆድም አይቆርጥም፤ ሰው በልቶ ጠግቦ ይተኛል፣ በነጋታውም ደህና ሆኖ ይነሳል፣ ዕዳው የሚመጣው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ኢቪች የአረሙን ዱቄት ለጥንቸሎች መግቦ ኩላሊታቸው ሲጎዳ አየ፤ በ1969ም የመንደሮቹ በሽታ ምንጩ ይህ ነው ብሎ በአገሩ ቋንቋ አሳተመ። ሰውየው ትክክል ነበር። የእሱ ሐሳብ ግን ከእርሳሱ፣ ከሻጋታውና ከከሰሉ ሐሳብ ጎን ተደርድሮ ቀረ፤ ከሃያ ዓመት በላይም ተመልሶ ያነሳው አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በዚህ መካከል ጀርመን አገር ሌላ ነገር ሆነ። ከዚሁ ተክል ቤተሰብ የሚገኘው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር እዚያ በሕጋዊ መድኃኒት ውስጥ ይገባ ነበር፤ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያጠነክራል ተብሎ። ተመራማሪዎች ለአይጦች ቢሰጡት አይጦቹ ካንሰር አወጡ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም መድኃኒቶቹ ከገበያ ተነሱ። እንግዲህ ቁጠሩልኝ፦ ፈረሱ መስክሯል፣ ጥንቸሉ መስክሯል፣ አይጡም መስክሯል።

አሁን ወደ ብራስልስ እንሂድ። ዝናብ የማያጣው ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ሰው ክብደት ለመቀነስ የሚሄድበት አንድ ክሊኒክ ነበር፤ ለብዙ ዓመት ሥራውን ሲሠራ ይህ ነው የሚባል ችግር አልተሰማበትም። በ1990 ግን ክሊኒኩ በሚሰጠው እንክብል ውስጥ ሁለት የቻይና ዕፅዋት ዱቄት ጨመረ፤ አንደኛው ስቴፋኒያ ቴትራንድራ የሚባል ሥር ነበር። ወደ ክሊኒኩ የሚመጡት ሴቶች እንክብሉን ለወራት ዋጡ። ዕፅ ነው፣ ከተፈጥሮ ነው፣ ቻይናዎች ለሺህ ዓመታት ተጠቅመውበታል ተባለላቸው፤ እርግጥ ነው ቻይናዎች ሥሩን ያውቁታል፣ ግን ውፍረት ለመቀነስ አልነበረም የሚያዙት።

ከዚያም በ1991 እና በ1992 ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው እየደከመ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። የኩላሊት ሐኪሙ ዣን ሉዊ ቫንኸርወግም መጀመሪያ ሁለቱን አየ። ጤነኛ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ በሽታው ደግሞ ይፈጥናል፣ በወራት ውስጥ ኩላሊቱን ወደ ጠባሳ ይለውጠዋል። ሁለቱ የሚጋሩት ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ አንድ ክሊኒክ ሆነ። በዚህ አላበቃም፤ በከተማዋ ያሉትን ሌሎች የኩላሊት ሕክምና ክፍሎች ጠየቀ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑ ሰባት ሴቶችም ተጨመሩ። በ1993 የዘጠኙን ሴቶች ነገር ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ኋላ ላይ የተጎጂዎቹ ቁጥር ቤልጂየም ውስጥ ብቻ ከ100 አለፈ፤ ብዙዎቹም በኩላሊት እጥበትና በንቅለ ተከላ የሚኖሩ ሆኑ።

ግን አንድ ነገር አልገጥም አለ። ስቴፋኒያ ኩላሊት ያጠፋል ብሎ የጻፈ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የቀረው እንክብሉን ራሱን መጠየቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ላብራቶሪው ወደ ትረካችን የሚገባው።

እስቲ የሚሠራውን ቀስ ብዬ ላሳያችሁ። እንክብሉ ይከፈትና ዱቄቱ በሚዛን ይለካል፤ ከዚያም በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይናወጣል፣ ይጣራል፤ ሥሩ በውስጡ የያዘውም ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ከፈሳሹ በቀጭን ብርጭቆ ቱቦ ትንሽ ጠብታ ይወሰድና ነጭ ዱቄት በስሱ በተቀባች ጠፍጣፋ ሰሌዳ ግርጌ ላይ ጠብ ይደረጋል፤ ከጎኑም ማንነቱ የታወቀ የእውነተኛው ስቴፋኒያ ጠብታ ይቀመጣል። ከዚያ ሰሌዳዋ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ዕቃ ውስጥ ትቆምና ክዳኑ ይገጠማል። ፈሳሹ በሰሌዳዋ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ሰሌዳዋን አጥብቆ የሚይዘው ታች ይቀራል፣ የማይዛት ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ በልዩ መብራት ሲታይ ሁሉም የደረሰበት ቦታ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይገኛል። ክሮማቶግራፊ የሚሉት ይህ ነው። ዛሬ ደግሞ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚገፋ፣ ማን በስንት ደቂቃ እንደወጣ የሚመዘግብ፣ ከዚያም ሞለኪውሉን የሚመዝን መሣሪያ አለ። ስቴፋኒያ የሚታወቅበት ቴትራንድሪን ክብደቱ 622 ገደማ ነው፤ ዋናው አሪስቶሎኪክ አሲድ ግን 341 ነው። ሁለቱን ማምታታት አይቻልም።

ዱቄቱ ሲመረመር ስቴፋኒያ ነው ተብሎ የተሸጠው ውስጥ ቴትራንድሪን ጠፋ። በ1994 ቫንሃለንና ባልደረቦቹ በቤልጂየም የተሰራጨውን ዱቄት መርምረው በቦታው ማን እንዳለ ተናገሩ፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ ነበር። ፈረሱን የጣለው፣ ጥንቸሉን የጎዳው፣ ጀርመን ከገበያ ያነሳችው ያው ራሱ።

እንዴት ገባ? ማንም ሰው ሌላውን ልግደል ብሎ አልተነሳም። በቻይና የዕፅ ገበያ ፋንግ ጂ በሚባል ስም ከአንድ በላይ ሥር ይሸጣል፤ ሃን ፋንግ ጂ የሚባለው ስቴፋኒያ ነው፣ ጓንግ ፋንግ ጂ የሚባለው ደግሞ አሪስቶሎኪያ ፋንግቺ ነው። ሥሩ ከነአፈሩ፣ ከነቅጠሉና ከነአበባው ሳለ የሚያውቀው ሰው ይለየዋል። ቅጠሉ ሲረግፍ ይከብዳል፣ ሥሩ ተቆራርጦ ሲደርቅ የባሰ ይከብዳል፣ ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን የሊቁም ዓይን አይለየውም። ከዚያም ዱቄቱ በከረጢት ታሽጎ፣ በአጭሩ ስሙ ተጠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ሻጩ የሰማውን ስም ለገዢው ያቀብላል፣ ገዢው ለቀማሚው፣ ቀማሚው ለሐኪሙ፣ ሐኪሙም ለሴቲቱ። በዚያ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ሁሉም ያቀበለው ስም ነው፤ ሥሩን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ሁለቱ መንገዶች ሊገናኙ ነው። እዚያው ብራስልስ ኮሲንስ የሚባል የሕብረ ሕዋስ ሐኪም ከነዚያ ሴቶች የተወሰደውን ኩላሊት በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። ጠባሳው፣ ጠባሳው የጀመረበት ቦታና ያልነካቸው ክፍሎች የዳኑብ መንደሮችን በሽታ አስታወሱት። በ1994 ይህ የቻይና ዕፅ በሽታ የባልካኑን እንቆቅልሽ ይፈታ ይሆን ብሎ በጽሑፍ ጠየቀ። እነሆ፣ ኢቪች ከተናገረ ከ25 ዓመት በኋላ ጥያቄው እንደገና ተነሳ።

ከዚያም ሃይደልበርግ ላይ ሽማይዘርና ባልደረቦቹ የሰውን ሥጋ ጠየቁ። ይህ መርዝ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተለውጦ ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል፤ የተጣበቀበት ምልክት ደግሞ ለዓመታት አይለቅም። በራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ እየቀቡ ቢፈልጉት በሴቶቹ ኩላሊት ውስጥ ተገኘ። በ2000 ደግሞ ዦኤል ኖርቲዬ የምትባል ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ከባድ ነገር ይዛ መጣች። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሰዎች 39ኙ ካንሰር ሳይቀድማቸው የሞተው ኩላሊትና ቱቦው እንዲወጣላቸው ፈቅደው ነበር፤ ሲመረመር በ18ቱ ላይ ካንሰሩ ቀድሞ ተገኘ። ብዙ ዱቄት የዋጡት ይበልጥ ተጎድተዋል። አስቡት፣ እንክብሉን ከተዉ ዓመታት አልፈዋል፤ መርዙ ግን ሥራውን አላቆመም ነበር።

ያን ጊዜ በኒውዮርክ ግዛት ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የመድኃኒት ሊቅ አርተር ግሮልማን ጓዙን ይዞ ወደ ሳቫ ወንዝ ወረደ። ከክሮኤሺያዊው የኩላሊት ሐኪም ከቦያን የላኮቪችና ከሌሎችም ጋር ሆኖ ስላቮንስኪ ብሮድ አካባቢ ያሉትን መንደሮች አዩ። ተመራማሪዎች ሽማግሌ ገበሬዎችን እየዞሩ ጠይቀዋል፦ በልጅነታችሁ ይህ አረም ማሳችሁ ውስጥ ነበር? ስንዴውን ማን ያበጥር ነበር? ዳቦውስ ከየት ነበር? በሽተኞቹ ከሌሎቹ ይልቅ ቀድሞ በማሳቸው ብዙ አረም እንደነበር ተናገሩ። አንዱን ቤት መትቶ ሌላውን የማለፉ ነገርም ፍቺ አገኘ፤ እያንዳንዱ ቤት የሚበላው የየራሱን ማሳ ነበርና፣ ማሳው አረም የበዛበት ቤት ተመታ፣ ማሳው የጠራለት ዳነ።

የገበሬ ትዝታ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም። ስለዚህ ኩላሊቱና ዕጢው ላብራቶሪ ገባ፤ እዚያም ያው የመርዙ ምልክት በዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ተገኘ። በዕጢው ውስጥ ደግሞ ከካንሰር የሚጠብቀው ዘረ መል ፊደሉ ተለውጦ ነበር፤ አዴኒን በሚገባበት ቦታ ታይሚን ገብቷል፣ እንዲህ ያለው ለውጥ በሌላ ካንሰር ብርቅ ነው። በ2007 አሳተሙት። ዳቦና እንክብል፣ መንደርና ከተማ፣ ሁለቱም አንድ ገዳይ ነበራቸው። ኋላም የሆንግ ኮንግ ኬሚስቶች አረሙ ሲበሰብስ መርዙ አፈር ውስጥ እንደሚቀርና በእህል ሥር እንደሚመጠጥ አሳዩ፤ ፍሬውን መልቀም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

የቀረውን ላሳጥርላችሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2001 አስጠነቀቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በ2002 አሪስቶሎኪያ ያለባቸውን የዕፅ መድኃኒቶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር መደባቸው፤ ታይዋን በ2003 ከለከለች። ታይዋን ግን እስከዚያ ድረስ ብዙ ቀምሳ ነበር፤ ከ1997 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ከሕዝቧ ሲሶ ያህሉ ይህ ንጥረ ነገር ያለበት ዕፅ በሐኪም ታዞለት ነበር። እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን ሲጠቀሙበት ጉዳቱን እንዴት አላዩም ትሉ ይሆናል። አባት ለልጅ ዕውቀት የሚያወርሰው ባየው ነው፤ በልቶ የወደቀን ሰው ያያል፣ ይጠነቀቃልም። ዛሬ ጠጥቶ ከሃያ ዓመት በኋላ የታመመን ሰው ግን ከዕፁ ጋር የሚያገናኝ ዓይን የለም። ይህን የሚያይ ምርመራ ብቻ ነው።

እኛም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለንም። አሪስቶሎኪያ ብራክቲዮላታ የሚባለው ዘመዱ ሱዳን ውስጥና በእኛም ቆላ ይበቅላል፤ በ1983 የታተመ የሱዳን ጥናት ፍየሎችን እንደሚመርዝ አሳይቷል። የራሳችንን ኮሶም ተመልከቱ። አያቶቻችን በባዶ ሆድ፣ በልክ፣ የሰውን አቅም አይተው ያጠጡት ነበር፤ ልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበርና። ኢቪች ስለ አረሙ በጻፈበት በዚያው በ1969 ኮሶ ዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ዕፁን ከጫካ ለቅማ፣ ቅጠሉን አይታ፣ ለምታውቀው ሰው ለክታ የምትሰጥ ሴት የምትሰጠውን ታውቃለች። ያው ዕፅ ተፈጭቶ በላስቲክ ሲታሰር፣ ስሙን ብቻ ይዞ ከክፍለ ሀገር ወደ ከተማ፣ ከከተማም በሻንጣ ወደ ውጭ አገር ሲሻገር ግን የእሷ ዓይን አብሮት አይሄድም። ያን ጊዜ በእሷ ፈንታ የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል፤ የላብራቶሪ ሥራ ይኸው ነው።

በዳኑብ መንደሮች አረሙ ከማሳ እየጠፋ፣ ሰውም ዳቦ ከሱቅ እየገዛ በመሄዱ በሽታው እየቀነሰ ነው። የእንክብሉ ነገር ግን አላለቀም፤ ከእገዳውም በኋላ ይህ መርዝ ያለበት ዕፅ በኢንተርኔት ሲሸጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ነገ አንድ ሰው ዱቄት ይዞ መጥቶ ከተፈጥሮ ነው ቢላችሁ አትስደቡት፣ አታባርሩት፤ አሪስቶሎኪያም ከተፈጥሮ ነበር። አስቀምጡትና በእርጋታ ጠይቁት፦ ይህ የየትኛው ተክል ነው፣ ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ፣ ሳይፈጭ ያየው ማን ነው፣ ከተፈጨስ በኋላ የመረመረው ማን ነው? አራቱንም ከመለሰ ስለ ልኩ ተነጋገሩ። ካልመለሰ ዱቄቱን ይዞ ይመለስ።